ደባል የተባለችው ዶት

ሳውደር ሃርበር፣ ኖቫ ስኮሺያ
እሑድ፣ ጁን 25 ቀን 2023

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ፣ አያቴ መርል የፕሮጀክተሩን ዓይን በመዳፉ ሲሸፍነው ነው።

አክስቴ ቬርና፣ ሰላምታዬን ከታች ስላደረግሁት አይቀየሙኝ። ይህን ሳልጽፍ «እንደምን ሰነበቱ» ብል ውሸት ይሆንብኝ ነበር። አሁን ግን ልበል፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የዶት ጉልበት ተሻለው ወይ? እዚያ በእናንተ ጠረፍ ዝናቡ አንድ ቀን እንኳ አባርቶ ያውቃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምዎ አያቴም ደህና ነው፣ እኔ ባላናግረውም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ ምሽቱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያማረ ነበርና። የቀስተ ደመና የፊልም ምሽታችንን ያደረግነው ዓሣ ማራገፊያው ላይ ነው። ሴት የወደዱ ሴቶች፣ ወንድ የወደዱ ወንዶች፣ ሲወለዱ በተሰጣቸው ጾታ አንኖርም ያሉ ሰዎች የሠሯቸውን አምስት አጫጭር ፊልሞች መርጬ ነበር። ስድስተኛው የእኔው ነው፤ በክረምቱ የላኩልኝን የዶትን ጥቅል ፊልሞች ቀጣጥዬ የሠራሁት አሥራ አንድ ደቂቃ። ለማሳያ የኤቨሬት ኒክልን አሮጌ የመርከብ ሸራ ሰቀልን፤ የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ አዳራሽ ሴቶች ቀዳዳውን ጠቅመውልናል። ሰባ ሰው ይመጣል ብለን መቶ አርባ መጣ። ወንበር ሲያልቅ ሰው የሎብስተር ወጥመድ ሣጥን እየጎተተ ተቀመጠበት።

«ቀስተ ደመና ምናምን አላይም» ሲሉ የከረሙት ደግሞ በጀልባ መጡ። መብራታቸውን አጥፍተው ከሸራው በስተጀርባ ውኃው ላይ ቆሙ፤ አሥራ አንድ ጀልባ ነው፤ የሸራው ባለቤት ኤቨሬትም አለበት። ሸራው ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላ ሲያዩት ግን ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው፣ ጽሑፉም ጭምር። አንዱ ፊልም የሜክሲኮ ነው፤ ወንድ ተብላ ተወልዳ፣ ሴት ሆና አውቶቡስ ስለምትነዳ ሴትዮ። ቀልዱ ሁሉ ያለው በግርጌ ጽሑፉ ላይ ነው። እኛ ስቀን ጨርሰን ጸጥ ስንል ከባሕሩ በኩል ሌላ ሳቅ ይመጣል። ለካ ፊደሉን ከኋላ ወደፊት እየለቀሙ ነው የሚያነቡት። በሦስተኛው ቀልድ ላይ እኛ በእነሱ መዘግየት መሳቅ ጀመርን፤ እነሱ ደግሞ ምን እንዳሳቀን ሳይገባቸው ጥሩንባ ነፉልን። ጆሴት ሱሬት፣ ፕሮጀክተሩን ከሃሊፋክስ ያመጣችው የሥራ ባልደረባዬ፣ ሳቋ አላቆም ብሏት ኬብሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ የእኔ ፊልም ወጣ። እርስዎ እንጨት ሲፈልጡ። ሚስማር በጥርስዎ ይዘው ወጥመድ ሲጠግኑ። ካሜራውን ነጥቀው ዶትን ሲቀርጹ፣ እሷም ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ «ሂጂልኝ» ስትልዎ። ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው ያየው፤ «ያ እኮ የእኛ አጥር ነው» ካለችው አንዲት ሴትዮ በቀር።

በመጨረሻ ምስሉ ይጨልምና ለስድስት ሴኮንድ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል። «ዶት ሄብ የቬርና ዚንክ ባለቤት ናት። አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አሁንም ይኖራሉ» ይላል። ይላል እንጂ ማንም አላየውም። የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ ብሎ አጠገባችን ቆሞ የነበረው አያቴ፣ ያንን አካፋ የሚያህል መዳፉን ዘርግቶ የፕሮጀክተሩ ዓይን ላይ ለጠፈው። ብርሃኑ በጣቶቹ መሃል ቀይ ሆኖ ታየ። ሸራው ጨለመ። ስድስቱ ሴኮንድ ሲያልቅ እጁን አነሳና ማይኩን ወሰደ።

«ያየናት ዶት ናት፤ የእህቴ የቬርና ደባል የነበረች። እናመሰግናለን። የቋሊማ ፑዲንግ በዳቦ አለ፣ ሳይቀዘቅዝ ድረሱበት።»

ደባል። አክስቴ፣ ደባል ማለት ድስቷን ለይታ የምታስቀምጥ ሰው ናት። ደባል ማለት ወሩ ሲያልቅ የምትወጣ ናት።

ሰው አጨበጨበ፤ ጀልባዎቹም ዘግይተው ጥሩንባቸውን ነፉ። እኔ ግን አንድ ክረምት ሙሉ የለፋሁለትን ቃል በገዛ አያቴ መዳፍ ተቀማሁ። እባክዎን ለወንድምዎ ይጻፉለት፤ ወይም ከዶት ጋር መጥተው ይንገሩት። ከእኔ ሲሰማ እልህ ነው፤ ከእርስዎ ሲሰማ ግን እውነት ይሆናል።

ጤናና ሳቅ ከቤታችሁ አይጥፋ።

ታምሲን

&nbsp;

ፕሪንስ ሩፐርት፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ጁላይ 10 ቀን 2023

ውድ ልጄ ታምሲን፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉሙ ከደጃፍሽ ይራቅልሽ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን። የዶት ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያመዋል፣ የዳንስ ሙዚቃ ሲሰማ ግን ይረሳዋል። ዝናቡን የጠየቅሽው ለመሳደብ ይመስለኛል፤ አላባራም።

ደብዳቤሽን ዶት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የጀልባዎቹ ጋ ስትደርስ ሻይዋን ደፋችው። የኤቨሬት አባትም እንዲሁ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መግባት ያሳፍረው ስለነበር መዝሙሩን ከመስኮት ሥር ቆሞ ነበር የሚሰማው። በዘር የወረሰው መሆን አለበት።

ሴትዮዋ «የእኛ አጥር» ያለችው እውነት ነው፤ የእነሱ ነው። ያን ቀን ላማቸው ጥሳው ስንጠግን ነበር።

ከማእድ ቤቱ መስኮት ውጭ ያለው የላይላክ ተክል አለ ወይ? ዘንድሮ አበበ? ፎቶ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ፑዲንጉን ማን ነው የሠራው? ሰው ምን ለብሶ መጣ? ያቺ የሥራ ባልደረባሽ እንዲህ ያለውን ፕሮጀክተር ራሷ መጠገን ትችላለች?

መርልን ተይው። እልኸኛ ነው፣ ክፉ ግን አይደለም። ቃሉም ቢሆን እኮ አንድ ቃል ነው።

ለመምጣት የሚመች ጊዜ አይመስለኝም። ሰው በኋላ ይገናኛል።

ዶት ሳመችሽ።

ቬርና

&nbsp;

ሳውደር ሃርበር
ጁላይ 19 ቀን 2023

ለአክስቴ ለቬርና፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ ጣሪያችሁ የማያፈስ ይሁን። የላይላኩን ፎቶ አያይዣለሁ። አብቦ አልፏል፣ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ነው የጠየቁት። ፑዲንጉን አያቴ ነው የሠራው። ሰው ጃኬት ለብሶ መጣ፤ አዎ፣ ጆሴት፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ራሷ ነው የምትጠግነው።

አሁን የእኔ ተራ ነው። «አንድ ቃል ነው» ብለው ጻፉልኝ። አክስቴ፣ አንድ ቃል ከሆነ ለምን አይሉትም? ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ላም አለ፣ ስለ ሻይ አለ፤ ስለዚያ መዳፍ ግን ምንም የለም።

አያቴን አናግሬዋለሁ። ከእሱ ጋር የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልዎ። ጀልባው ላይ ገመድ ሲጠቀልል ነው ያገኘሁት።

«አባባ፣ ለምን ሸፈንከው?»

«ምኑን?»

«ፕሮጀክተሩን።»

«ትንኝ ነበረች።»

«ስድስት ሴኮንድ የምትቆይ ትንኝ?»

«ትልቅ ነበረች።»

«ፊልሙ የእኔ ነው። ሳትጠይቀኝ በእጅህ ልትዘጋው አትችልም። አፍረህባቸው ነው?»

ያኔ ገመዱን አስቀመጠው። በሃያ አራት ዓመቴ እንደዚያ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም።

«እኔ በእህቴ አላፍርም» አለ። «ቃሌን ነው የጠበቅኩት።»

«ለማን የሰጠኸውን ቃል?»

«ለሰጠሁት ሰው።»

ከዚያ ገመዱን አንስቶ መጠቅለሉን ቀጠለ። ምን ቃል ነው? ለማን? እርስዎ ያውቃሉ?

ሌላ ወሬ ልንገርዎ፤ ይህኛው እንኳ ያስቃል። ማክሰኞ ኤቨሬት ኒክል አዳራሹ በር ላይ መጥቶ ቆቡን ያሽከረክራል።

«ያቺ የአውቶቡሷ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ተሳፋሪውን ምን አለችው?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለጓደኛዬ ነው። ጀልባ ላይ ነበር፤ ፊደሉ ፈጥኖበት አመለጠው።»

«አንተስ አልነበርክም?»

«እኔ ሸራዬን እየጠበቅኩ ነበር።»

«ከኋላው?»

«የሚሰርቀው በባሕር ቢመጣስ?»

ነገርኩት። ለራሱ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ሰለለ። ከዚያ «በሚቀጥለው አንዱን ፊልም በእኛ በኩል እንዲነበብ ገልብጣችሁ አሳዩ፤ እኛም የዚሁ መንደር ሰዎች ነን» ብሎኝ ሄደ።

የሚቀጥለው አለ ማለት ነው። አዳራሹ ሰፕቴምበር 2 ይደገም ብሏል፤ የበጋ እንግዶቹ ሳይሄዱ። ነገር ግን አያቴ ለኮሚቴው «የታምሲን ፊልም ይታይ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሴኮንዶች ይቅሩ» አለ። አራት ለሦስት አለፈ። እኔም ተነስቼ ጽሑፉ ከቀረ ስድስቱንም ፊልሞች ይዤ እንደምወጣ፣ የፈለጉትን ነገር ባዶ ሸራ ላይ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

አክስቴ፣ ይምጡ፤ ካልመጡ ይጻፉ። «ሰው በኋላ ይገናኛል» አይበሉኝ። ዶት ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው።

ታምሲን

&nbsp;

ፕሪንስ ሩፐርት
ኦገስት 14 ቀን 2023

ውድ ልጄ ታምሲን፣

ሰላምና ደግ ነፋስ ለአንቺ ይሁን። መልሴ ዘገየ። ታምሜ አይደለም። በየማለዳው ወረቀት አውጥቼ ስለ አየሩ እጽፍና እቀደዋለሁ። ዶት ዛሬ «ስለ ዝናቡ አንድ ቃል ብትጽፊ ቀለሙን እሰውርብሻለሁ» አለችኝ።

መርል ቃሉን የሰጠው ለእኔ ነው።

በ1979 ከሳውደር ሃርበር ስንወጣ የሸኘን እሱ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ዶት የመንደሩ አስተማሪ ነበረች፤ እናቴ ቤት ፎቁ ላይ ክፍል ተከራይታ የገባች ጊዜ በእርግጥም ደባል ነበረች። በሄድንበት አገር እንድታስተምር ከድሮው ትምህርት ቤቷ የምስክር ወረቀት መምጣት ነበረበት። ስለ እኛ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢናገር ወረቀቱ አይመጣም፤ ሥራውም አይኖርም። አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ መርል «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አለኝ። «ደባሌ ናት በል» አልኩት። «እኔ ራሴ እስክፈታህ ድረስ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ሌላው ሰውም እፊትህ ቆሞ እንዳይል። ቀኝ እጅህን አንሳ።»

አነሳ። ያኔም እጁ አካፋ ያህል ነበር።

ወረቀቱ መጣ፤ ዶትም ሰላሳ ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጣች። መርልን ግን አልፈታሁትም። ረሳሁት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። በ2004 ስንጋባ ስልክ ደወልንለት። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለና አለቀሰ። ከዚያ «አሁንስ ለሰው ልናገር?» ሲለኝ «ቆይ» አልኩት። ምን እንደፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍርሃቱ ሥራውን ጨርሶ እንኳ ቤቴ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል፣ ያለ ኪራይ። ያቺ «ቆይ» ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

አንድ ጊዜ ማራገፊያው ላይ አንድ ሰው ስለ እኛ ክፉ ቃል ተናግሮ መርል በቡጢ ውኃ ውስጥ እንደከተተው ሰምቻለሁ። ደግ ቃል ሲመጣም እንዲሁ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማል አልኩት እንጂ ክፉውን ከደጉ ለይ አላልኩትም።

ስለዚህ ያ መዳፍ የእኔ ነው። ቁጣሽን ከእሱ ላይ አንሺና ወደዚህ ላኪው። ከዚህ ጋር የታሸገ ወረቀት አለ፤ ለእሱ ስጪው።

ሰፕቴምበር 2 እንመጣለን። የምጠይቅሽ ሁለት ወንበር ነው፤ መደገፊያ ያላቸው፣ ከፊት፣ ጎን ለጎን። ማንም ሰው ደግነት መስሎት መሃላችን ጠረጴዛ እንዳያስገባ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተቆጪ ከፈለግሽ። ጆሴት የምትባለውን ልጅ አንድም ጊዜ ያለ «የሥራ ባልደረባዬ» አልጻፍሻትም። ሳቋን ጽፈሻል፣ ኬብል ላይ መቀመጧን ጽፈሻል፤ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሥራ ባልደረባ አይጻፍም። እኔ በደባል አርባ አራት ዓመት የሸፈንኩ ሴት ነኝ፤ ሽፋን ሳይ አውቃለሁ።

ቬርና

ታምሲን፣ ዶት ነኝ። የኋለኛው ገጽ የእኔ ነው። እኔ ደባል ሳለሁ ጎበዝ ደባል ነበርኩ፤ ክፍሌን እጠርግ ነበር። ቃሉ ለአንድ ክረምት እውነት ነበር፤ በጸደዩ አረጀ። ቬርናን አትቆጪያት፤ እኔ ተቆጥቻታለሁ። አውሮፕላኑ ላይ በመስኮቱ በኩል እንድቀመጥ ተስማምታለች፤ ቅጣቷ ነው።

&nbsp;

ሳውደር ሃርበር
ኦገስት 24 ቀን 2023

ለአክስቴ ለቬርናና ለአክስቴ ለዶት፣

በደህና ያምጣችሁ። ወንበሮቹ ተገኝተዋል፤ የአዳራሹ ሴቶች ትራስ እየሰፉላቸው ነው፣ በቀለሙ ላይም ተጣልተዋል።

ወረቀቱን ለአያቴ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደገመው። ከዚያ ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው፣ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል።

«ፈታችኝ» አለ።

«አዎ አባባ።»

«ቀኑንም ጽፋለች።»

ምን እንደጻፉለት አልጠየቅሁም። ግን በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ የጀልባውን ሞተር አስነስቶ ቆሞ አገኘሁት። የሚጠገን ነገር የለም። ሞተሩ እያጓራ አፉ ይንቀሳቀሳል። በመስኮት አየሁት፦ «የእህቴ ባለቤት፣ የእህቴ ባለቤት» እያለ ሰው እንዳይሰማው ይለማመዳል። ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋና «ካርቡራተሩ ነው» አለኝ።

ስቄ ቤት ገባሁ። ግን ቁጣዬ አልወጣልኝም፤ አልደብቃችሁም። እናንተ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ስትማማሉ እኔ አልተወለድኩም። ለዶት እንጀራ ስትሉ ያደረጋችሁት ገብቶኛል፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ነገር ግን ያ መሐላ እኔ የሠራሁት ሥራ ላይ ሲያርፍ ማንም አልጠየቀኝም። አያቴ ይቅርታ ሊለኝ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ካርቡራተሩ አወራ። እየጠበቅሁት ነው።

ኮሚቴው እንደገና ድምፅ ሰጠ፤ ሰባት ለዜሮ። ስድስቱ ሴኮንዶች ይታያሉ።

ስለ ጆሴት የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ፕሮጀክተሩን ይዛ ዓርብ ትመጣለች።

ታምሲን

&nbsp;

ሳውደር ሃርበር
ሰፕቴምበር 10 ቀን 2023

ውድ አክስቶቼ፣

እንዴት ገባችሁ? ትራሶቹን በእጅ ሻንጣችሁ ጨምራችሁ መሄዳችሁን የአዳራሹ ሴቶች ሰምተው ደስታውን አልቻሉትም። ኑሯችሁ እንደዚያች ምሽት የሞላ ይሁን።

ዶት ስትሄድ «ከፊት ስለተቀመጥን ከኋላችን የሆነውን አላየንም፤ ጻፊልን» ብላኛለች። የምጽፈው ያላያችሁትን ብቻ ነው። ያያችሁትንማ ታውቁታላችሁ፦ የሁለት መቶ ሰው ጭብጨባ፣ በትራሱ ቀለም ላይ የተነሳው ክርክር፣ ዶት ራሷን በሠላሳ አንድ ዓመቷ ስታያት «እንዴት ያለች ቆንጆ ናት፣ ማን አገባት?» ማለቷን።

ጽሑፉ ሊወጣ ሲል እኔ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ነበርኩ። አያቴም እዚያው ቆሟል። ከሩቅ ቆሞ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር፤ «እዚሁ ነው ያጠፋሁት፣ እዚሁ እቆማለሁ» አለኝ። ይቅርታው ይህች ነበረች፤ ተቀበልኳት። ምስሉ ሲጨልም እጁ ተንቀሳቀሰ። ሳላውቀው በእሱና በፕሮጀክተሩ መሃል ገባሁ። እሱ ግን እጁን የላከው ወደ ራሱ ነው። ቆቡን አወለቀ።

ጽሑፉ ሁለት ጊዜ እንደወጣ አይታችኋል። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ ተገልብጦ። ከፊት ያለው ሰው ተሳስተናል ብሎ አጉረመረመ። አልተሳሳትንም። ሁለተኛው ለጀልባዎቹ ነው። መደበቅ ያለበት ሰው ቢኖር እንኳ ያን ቃል ፊደል እየለቀመ እንዲያነበው አልፈለግንም። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩንባቸው ያልዘገየው። እናንተ ድምፁን ሰምታችኋል፤ ያላያችሁት የኤቨሬትን ጀልባ ነው። ጥሩንባውን ነፍቶ መብራቱን አበራና፣ ሸራውን ዞሮ፣ በእኛ በኩል፣ ከኋላችሁ ማራገፊያው ጥግ መጥቶ ቆመ። ብቻውን። አንዲት ሴትዮ ፑዲንግ በመረብ አድርጋ አወረደችለት።

ከዚያ አያቴ በማይኩ የተናገረውን ሰምታችኋል። «ያየናት ዶት ናት፤ የእህቴ የቬርና ባለቤት። እኔም ወንድማቸው ነኝ። ፑዲንግ አለ።» ሞተር ሳያስነሳ።

አሁን ደግሞ የምጽፍላችሁ ማንም ያልሰማውን ነው፤ ብተወውም ማንም አያውቅብኝም ነበር።

አያቴ ማይኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረና «ፕሮጀክተር ያመጣችውንም ልጅ ላመስግን፤ ማን ናት ልበል?» አለኝ።

ጆሴት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ኬብል እየጠቀለለች ነበር። ከፊታችን ሁለት መቶ ሰው ተቀምጧል። አንድ በጋ ሙሉ ስለ አንድ ቃል ስጮኽ የከረምኩት እኔ፣ ኮሚቴውን የበተንኩት እኔ፣ አፌን ከፍቼ «የሥራ ባልደረባዬ በል» አልኩት።

ጆሴት ኬብሉን መጠቅለል አቆመች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

አያቴ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነው፤ በዚያችው መዳፍ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ በጣም በቀስታ፣ «ታምሲን፣ ላንቺም እጄን ላንሳልሽ?» አለኝ።

አልቀለደም። እሺ ብለው ያነሳው ነበር። በቀረው ዕድሜው ሁሉ ጆሴትን የሥራ ባልደረባ እያለ፣ ሌላ ቃል የሚናገረውን ውኃ ውስጥ እየከተተ ይኖር ነበር። አክስቴ ቬርና፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ ምን እንደተሰማዎት ያኔ ነው የገባኝ። ቀላል ነው። በጣም ቀላል ነው፤ ሌላው ሰው ይሸከምልዎታል።

«አታንሳ» አልኩት።

«እና ማን ናት?»

«ፍቅረኛዬ ናት። ሁለት ዓመት ሆኖናል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፑዲንግ ሳትቀምስ?» አለና መዳፉን ከማይኩ ላይ አነሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰምታችኋል፤ እስከ ሃሊፋክስም የተሰማ ይመስለኛል። ጆሴት ግን ወዲያው አልሳቀችም። መጀመሪያ ኬብሉን ጠቅልላ ጨረሰች፣ ቦታው አስቀመጠች፣ ከዚያ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። «ዘግይተሽ ነው ያነበብሽው፤ እንደ ጀልባዎቹ» አለችኝ። ልክ ናት።

በሚቀጥለው ዓመት ጁን 22 ሦስተኛው ምሽት ነው። ፊልም መምረጥ ጀምረናል። ኤቨሬት ቀጥ ብሎ የሚነበብ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ እመርጣለሁ ብሎ ኮሚቴው ገብቷል። ወንበራችሁ ላይ ስማችሁ ተጽፏል፤ ሁለቱም ስም፣ አንድ ላይ።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ከእንግዲህ የማልቀበለውን ጽፌ ከሥሩ ልፈርም፤ ያዙልኝ፣ ስረሳው ታነቡልኛላችሁ። በፍቅር ነው ቢባልም እንኳ ሥራዬ ላይ የሚያርፍ መዳፍ አልቀበልም። በጸደይ ያረጀ ቃል አርባ አራት ዓመት ለብሶ የሚዞር ሰው እንዲኖር አልቀበልም። «ቆይ» አልቀበልም። «የሥራ ባልደረባዬ» የሚለውን ከማንም አፍ፣ ከሁሉ በፊት ከእኔው አፍ አልቀበልም። ለእኔ ብሎ እጁን የሚያነሳ ሰውም አልቀበልም፣ ለማጨብጨብ ካልሆነ።

ታምሲን ዚንክ